የተቀበረ መክሊት፦ የወጣቶች ጸጋ በዜማ፣ በስፖርትና በእጅ ሙያ



ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚጓዝ መንገደኛ አዲስ ዘመንን አልፎ እንፍራንዝ ሲደርስ፣ በአቅራቢያዋ ባለው ኮረብታ ላይ የጉዛራን ግንብ ያገኛል። ይህ ግንብ በ16ኛው መቶ ዓመት በዐፄ ሠርፀ ድንግል ዘመን የታነጸ፣ የጎንደርን አብያተ መንግሥት በዕድሜ የሚቀድም ቅርስ ነው። የንጉሡን ስም ሁላችንም እንጠራለን፤ ድንጋዩን የጠረቡትን፣ ኖራውን ያቦኩትን፣ ቅስቱን ያቆሙትን ሰዎች ግን በስም የሚያነሣቸው የለም። ሥራቸው ቆሞ ይታያል፤ እነርሱ ተረስተዋል።

የዛሬው ትምህርታችን የሚነሣው ከዚህ ነው። በመካከላችን ድምፀ መልካም፣ እግረ ፈጣን፣ እጀ ብልኅ የሆኑ ብዙ ወጣቶች አሉ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በክልላችን በተነሣው ግጭት ምክንያት ብዙዎቹ ከትምህርት ገበታቸው ተለይተው ዓመታት አሳልፈዋል። ሥራ ፍለጋ ቀዬውን ለቆ የሚሰደደውም ቀላል አይደለም። እነዚህን ልጆች «ታገሡ» ከማለት አልፈን ምን ልናደርግላቸው እንችላለን? ያላቸውንስ ጸጋ እንዴት ወደ እንጀራና ወደ ክብር እንዲለውጡት እናግዛቸዋለን?

1. መክሊቱን የቀበረው ማን ነው?

በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 25 የተጻፈውን የመክሊት ምሳሌ ሁላችን እናውቀዋለን። አንድ መክሊት የተቀበለው አገልጋይ ፈርቶ በምድር ቀበረው፤ ጌታውም ወቀሰው። ይህን ቃል ለወጣቶች ስንሰብክ ብዙ ጊዜ «ጸጋችሁን አትቅበሩ» እንላቸዋለን። ነገር ግን ራሳችንን እንመርምር። ልጁ መክሊቱን ሲቀብር ዶማውን ያቀበልነው እኛ ሽማግሌዎችና ወላጆች ብንሆንስ?

በሀገራችን ሙያን የመናቅ ልማድ ሥር የሰደደ ነው። ብረት የሚቀጠቅጠው፣ ቆዳ የሚፍቀው፣ ሸክላ የምትሠራው፣ ሸማ የሚሸምነው ሁሉ በየስሙ ሲሰደብ ኖሯል። በጣና ዳርቻ ደንገል አጭደው ታንኳ የሚሠሩት ወይጦዎችም ከዚህ ንቀት አላመለጡም። በደሉ ከመክፋቱ የተነሣ ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት ዐዋጅ ሠራተኛን በሥራው መስደብን ከልክለዋል። ዐዋጁ ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ ሆነው፤ ስድቡ ግን ከአፋችን ፈጽሞ አልጠፋም።

የአዝማሪም ነገር እንዲሁ ነው። «አዝማሪ» እና «መዝሙር» ሁለቱም «ዘመረ» ከሚለው የግዕዝ ግስ የወጡ ቃላት ናቸው። አንዱ ወደ ቤተ መቅደስ ገብቶ ከበረ፤ ሁለተኛው ወደ ጠጅ ቤት ተገፍቶ ተናቀ። ሆኖም መሰንቆን በፈረስ ጭራ አንድ ክር ብቻ እያናገሩ፣ በሰምና ወርቅ ግጥም የሕዝቡን ሐዘንና ደስታ፣ የሹሙንም ጥፋት ሳይቀር ሲናገሩ የኖሩት እነዚህ የጎንደር ምድር ልጆች ናቸው።

ቅዱስ መጽሐፍ ግን የሚያስተምረን ሌላ ነው። በኦሪት ዘፀአት ምዕራፍ 31 እግዚአብሔር ባስልኤልን በመንፈሱ እንደ ሞላው እናነባለን። ባስልኤል ወርቅ አንጥረኛ፣ ዕንቍ ቀራጭ፣ እንጨት ጠራቢ ነበር፤ መንፈስ ቅዱስም የወረደለት ለዚያው ለእጅ ሥራው ነው። ጌታችንም በናዝሬት የጠራቢ ልጅ ተብሎ ተጠርቷል፤ ሐዋርያው ጳውሎስም ድንኳን ይሰፋ ነበር። እንግዲያውስ የእጅ ሙያን የሚንቅ ክርስቲያን ማንን እንደሚንቅ ያስብ።

2. ጸጋ መምህር ይሻል

ጸጋ ብቻውን ፍሬ አያፈራም። ይህን ከሁሉ አስቀድመው ያወቁት የአብነት ትምህርት ቤቶቻችን ናቸው። ቅዱስ ያሬድ በ6ኛው መቶ ዓመት ያወረሰን የግዕዝ፣ የዕዝልና የአራራይ ዜማ እስከ ዛሬ የደረሰው በመልካም ድምፅ ብቻ አይደለም። በቤተ ልሔም ድጓው፣ በደብረ ታቦር አቋቋሙ ከመምህር ወደ ደቀ መዝሙር ሲተላለፍ የኖረው በብዙ ዓመታት ጥናት ነው። የቆሎ ተማሪው ደበሎ ለብሶ፣ ቁራሽ ለምኖ፣ ሌሊት ተነሥቶ ቃሉን ይከልሳል፤ መምህሩም ስሕተቱን ሳይሰለች ያርማል። እኛም የግዕዝን ሥርዓተ አምልኮ የምንከተል ካቶሊካውያን የዚሁ ዜማ ወራሾች ነን። የሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤም እ.ኤ.አ. በ1963 ስለ ሥርዓተ አምልኮ ባወጣው ድንጋጌ፣ ሕዝቦች የራሳቸው የሆነው የዜማ ሀብት ተገቢው ክብር እንዲሰጠው አሳስቧል።

በስፖርትም ያው ነው። በአርሲ የምትገኘው በቆጂ ትንሽ የገጠር ከተማ ናት። ከዚያች ከተማና ከአካባቢዋ ግን እ.ኤ.አ. በ1992 በባርሴሎና በ10 ሺህ ሜትር ወርቅ ያገኘችው ደራርቱ ቱሉ፣ እንዲሁም እ.ኤ.አ. በ2008 በቤጂንግ እያንዳንዳቸው በ5 ሺህና በ10 ሺህ ሜትር ድርብ ድል ያገኙት ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባ ወጥተዋል። ደጋው አየርና የልጆቹ ብርታት እንደ ተጠበቀ ሆኖ፣ በዚያ ስንታየሁ እሸቱ የተባሉ የትምህርት ቤት የስፖርት መምህር ነበሩ። በማለዳ ልጆቹን ሰብስበው፣ ሩጫቸውን ተመልክተው፣ ማን ምን እንደሚችል ለይተው አሠለጠኗቸው። ደጋ አየር በብዙ የሀገራችን ክፍል አለ፤ እንዲህ ያለ መምህር ግን በሁሉም ዘንድ አይገኝም።

በዚህ ላይ ለወጣቶቻችን እውነቱን እንንገራቸው። ከሺህ ሯጮች መካከል ለሜዳልያ የሚበቁት እጅግ ጥቂቶች ናቸው። ስለዚህ ስፖርትን በሽልማት ተስፋ ብቻ ማስተማር ማታለል ይሆናል። በሰዓቱ መገኘት፣ ሽንፈትን መታገሥ፣ ሕግን ማክበር፣ ከሌላ ሰፈርና ከሌላ እምነት ልጅ ጋር በአንድ ቡድን መሰለፍ፤ እነዚህ ሜዳልያ ላላገኘውም የሚቀሩ ሀብቶች ናቸው። ቅዱስ ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች በጻፈው በመጀመሪያው መልእክቱ ምዕራፍ 9 ስለ ሯጮች ሲናገር ያመለከተውም ራስን መግዛትን ነው።

3. የጎንደር ደጀ ሰላምና የእማሆይ ፒያኖ

ሙዚቃ ለወጣት መርጃ እንደሚሆን የሚያሳይ ምሳሌ ለመፈለግ ሩቅ መሄድ አያሻንም። የከንቲባ ገብሩ ደስታ ልጅ እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ እ.ኤ.አ. በ1923 በአዲስ አበባ ተወለዱ። በልጅነታቸው በስዊዘርላንድ ቫዮሊንና ፒያኖ ተማሩ። በጣልያን ወረራ ጊዜ ከቤተ ሰባቸው ጋር ወደ ጣልያን ሀገር ተግዘው ነበር። ከነጻነት በኋላም በካይሮ ትምህርታቸውን ቀጠሉ። ወደ ለንደን ሄደው ለመማር የነበራቸው ተስፋ በተዘጋ ጊዜ ልባቸው አዘነ፤ ወደ ግሸን ማርያም ገዳም ገብተውም መነኰሱ።

በ1960ዎቹ የፈረንጆች ዓመታት እማሆይ የቅዱስ ያሬድን ዜማ ለማጥናት በጎንደር ተቀመጡ። ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲመላለሱ በየደጀ ሰላሙ ውጭ የሚያድሩ፣ ለምነው የሚማሩ ወጣት ተማሪዎችን አዩ። የሚሰጡት ገንዘብ ባይኖራቸውም ፒያኖ መጫወት ይችሉ ነበር። ስለዚህም እ.ኤ.አ. በ1967 በጀርመን ሀገር የመጀመሪያ ሸክላቸውን አስቀረጹ፤ ዓላማውም ከሽያጩ የሚገኘው ገንዘብ ለችግረኞች እንዲውል ነበር። ኋላም በኢየሩሳሌም በገዳም ኖረው እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2023 በ99 ዓመታቸው ዐረፉ። ሙዚቃቸው ዛሬ በዓለም ዙሪያ ይደመጣል።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር እንማራለን። መጀመሪያ፣ እማሆይ ተማሪዎቹን ከማዘን አልፈው አይተዋቸዋል፤ ሁለተኛ፣ «እጄ ባዶ ነው» ሳይሉ ባላቸው ጸጋ ረድተዋቸዋል። ለአንድ መምህር ወይም ለአንድ ቁምስና ይህ በቂ መነሻ ነው።

4. ከጨዋታ ወደ ሙያ፦ የዶን ቦስኮ መንገድ

በቤተ ክርስቲያናችን ታሪክ የወጣቶች አባት የሚባለው ቅዱስ ዮሐንስ ቦስኮ (1815–1888 እ.ኤ.አ.) ገና የሁለት ዓመት ሕፃን ሳለ አባቱ የሞተበት የገበሬ ልጅ ነበር። በገበያ ቀን ከሚመጡ አክሮባቶች ጨዋታቸውን ተምሮ በሜዳ ለጎረቤቶቹ ያሳይ ነበር፤ ክፍያውም አብረውት እንዲጸልዩ ነበር። ካህን ከሆነ በኋላ በቶሪኖ ከተማ ሥራ አጥ ልጆችን ሰብስቦ ሜዳ፣ መዝሙርና የማታ ትምህርት ሰጣቸው።

ነገር ግን በጨዋታ አላበቃም። በ1850ዎቹ ዓመታት የጫማና የልብስ ስፌት፣ የመጽሐፍ ጥረዛ አውደ ጥናቶችን አቋቋመ። ልጆቹን ወደ ሌላ ባለሙያ ሲልክም በአሠሪው፣ በልጁና በራሱ መካከል ውል አስጽፎ ነበር፤ ውሉም የሥራውን ሰዓት፣ የዕረፍቱን ቀንና ደመወዙን የሚወስን ነበር። ጨዋታ ልጁን ጠራው፤ ሙያ እንጀራ ሰጠው፤ ውሉ ከበዝባዥ ጠበቀው። መንፈሳዊ ልጆቹ ሳሌዥያውያንም በሀገራችን በመቀሌ፣ በዝዋይና በዲላ ይህንኑ መንገድ ተከትለዋል።

5. ለሠራተኛው ዋጋው

ወጣቱ በሙያው እንዲኖር ከፈለግን ስለ ክፍያው ደፍረን መናገር አለብን። ለሰርግ ዘፋኝ ጠርተን በምርቃት ብቻ ብንሸኘው፣ ሥዕል አሠርተን «ለበረከት ነው» ብንል፣ ያላገዝነውን ጸጋ በልተናል። ሕጉም ባለሙያውን ይደግፋል። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ ዐዋጅ ቁጥር 410/1996 ለዜማና ለግጥም ደራሲ፣ ለሠዓሊና ለሌላም የጥበብ ሥራ ባለቤት በሕይወቱ ዘመንና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመታት የሥራውን ጥቅም ይጠብቃል። ይህ ዐዋጅ በ2007 ዓ.ም. በዐዋጅ ቁጥር 872/2007 ሲሻሻል፣ ባለመብቶች በማኅበር ተደራጅተው የሮያሊቲ ክፍያ የሚሰበስቡበት መንገድ ተከፍቷል። የትምህርተ ክርስቶስ መምህር ይህን አውቆ ለወጣቱ ቢነግረው የጽድቅ ሥራ ሠርቷል።

6. በቁምስናችን ምን እናድርግ?

ከትንሽ እንጀምር። አንደኛ፣ ከቅዳሴ በኋላ ወጣቶቹን «ምን ትችላላችሁ?» ብለን እንጠይቅ፤ መልሳቸውንም እንመዝግብ። ሁለተኛ፣ በአካባቢው ያሉትን አዋቂዎች፣ መሰንቆ የሚመታውንም ሸማ የሚሠራውንም፣ በክብር ጋብዘን በሳምንት አንድ ሰዓት እንዲያስተምሩ እንለምን፤ የድካማቸውንም ዋጋ እንክፈል። ሦስተኛ፣ ለሴቶች ልጆች የሚመች ሰዓት እንወስን፤ ውኃ መቅዳትና እንጨት መልቀም ሜዳ እንዳይከለክላቸው ወላጆችን እንምከር። አራተኛ፣ ልምምዱ ሁልጊዜ በግልጥ ቦታ፣ ወላጅ ባወቀውና ከአንድ በላይ ኃላፊ ባለበት ይሁን። አምስተኛ፣ ቤተ ክርስቲያን ከበሮ፣ መጋረጃ ወይም ሥዕል ስትሻ ከሩቅ ከመግዛቷ በፊት የራሷን ወጣቶች ታሠራ።

አንድ ማስጠንቀቂያ እንጨምር። ኳሱንና መሰንቆውን ልጆችን ወደ ትምህርት ለማጥመድ ብቻ አናድርጋቸው። ጸጋው ራሱ የእግዚአብሔር ስጦታ ነውና ስለ ራሱ ሊከበር ይገባዋል፤ የሌላ እምነት ልጅም በእኩልነት ይቀበሉት።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በቤታችን ወይም በሰፈራችን ሙያውን ደብቆ የሚኖር ወጣት አለን? ለምን ደበቀው?
2. እኛ ራሳችን ባለሙያን የሰደብንበት ወይም ዋጋውን የከለከልንበት ጊዜ ነበር? እንዴት እንክሰው?
3. በቁምስናችን መምህር ሊሆኑ የሚችሉ፣ ግን ያልጠየቅናቸው አዋቂዎች እነማን ናቸው?
4. ከሚቀጥለው እሑድ በፊት ለአንድ ወጣት ምን ልናደርግ እንችላለን?

የጉዛራን ግንብ ያቆሙት እጆች ስም ጠፍቶብናል፤ ይህን ልንመልሰው አንችልም። ዛሬ በመካከላችን ያሉትን ልጆች ግን በስማቸው ልንጠራቸው እንችላለን። ጸጋን የሰጠ አምላክ የምናይበትን ዓይን፣ የምናግዝበትንም ልብ ይስጠን። አሜን።