ትምህርት ዐሥራ አራት፦ ያዩትን ለይቶ መጻፍ (የነብርማ የእሳት እራት ገለጻ)

ባለፈው ትምህርት ድርጊትን በቅደም ተከተል ስለሚያቀርበው ስለ ተራኪ ድርሰት ተምራችኋል። የዚህ ትምህርት ርእስ ስዕላዊ ድርሰት ነው። ስዕላዊ ድርሰት የአንድን ነገር መልክ፣ ቅርጽ፣ መጠንና ጠባይ፣ ነገሩን በዐይኑ ያላየ አንባቢ በዐይነ ኅሊናው እንዲስለው አድርጎ የሚያቀርብ ጽሑፍ ነው።

ለዚህ ዓይነቱ ድርሰት መለማመጃ ብዙ ጊዜ የሚሰጡት ርእሶች «የትውልድ መንደሬ» ወይም «የፀሐይ መውጣት» የሚሉ ናቸው። ርእሶቹ መጥፎ አይደሉም፤ ነገር ግን ተማሪው አንዳች ሳያይ ሊጽፍባቸው ይችላል። ከዚህ ቀደም ካነበበው የተዋቡ ሐረጎችን ለቃቅሞ ሁለት ገጽ ይሞላል፤ መምህሩም ጥሩ ማርክ ይሰጠዋል። ስለዚህ እዚህ ላይ ሳያዩ ሊጽፉበት የማይቻል ርእስ መርጠናል። እርሱም በደጋው አገር ሌሊት ወደ መብራት የሚመጣው የእሳት እራት ነው።

ሀ. ስለ ስሙ

«የእሳት እራት» የሚለውን ስም ልብ በሉ። ሁለት ስሞች «የ» በሚለው አያያዥ ተጣምረው አንድ ስም ሆነዋል። ስሙ ራሱ አጭር ስዕል ነው፤ ወደ ነበልባል በርሮ ለእሳቱ ራት የሚሆነውን ፍጡር በሁለት ቃል ያሳያል። ይሁን እንጂ አንድ ጉድለት አለበት። በዓለም ላይ ስም የወጣላቸው የእሳት እራት ዓይነቶች ከ100,000 በላይ ሲሆኑ፣ የእኛ ቋንቋ ግን ሁሉንም በዚሁ በአንድ ስም ይጠራቸዋል። ትንሹም ትልቁም፣ አመድማውም ቀዩም ያው የእሳት እራት ነው።

ከእነዚህ መካከል 11,000 ያህል ዓይነቶችን የያዘ አንድ ታላቅ ወገን አለ። እንግሊዞች የዚህን ወገን አባላት በታይገር ስም ይጠሯቸዋል። ታይገር በእስያ የሚኖር፣ ቆዳው ሸንተረር ያለበት አውሬ ነው፤ በአፍሪካ ጫካዎች አይገኝም። መዝገበ ቃላት ከፍታችሁ ብትፈልጉ ግን «ነብር» የሚል ፍች ታገኛላችሁ፤ የእኛ ነብር ደግሞ ባለ ነጠብጣብ ነው። ታዲያ ትርጉሙ ስሕተት ነውን? በዚህ ቦታ አይደለም ለማለት ይቻላል፤ ምክንያቱም ከዚህ ወገን አንዳንዶቹ ባለ ሸንተረር፣ ሌሎቹ ደግሞ ልክ እንደ ነብር ቆዳ ዝንጉርጉር ናቸው። ስለዚህ በዚህ ትምህርት «ነብርማ የእሳት እራት» እንላቸዋለን። «ተራራ» ከሚለው ስም «ተራራማ»፣ «ቡና» ከሚለው «ቡናማ» እንደሚወጣ ሁሉ፣ «ነብር» ላይ «-ማ» የሚለውን ቅጥያ ብንጨምር ነብር መሳይነትን የሚያመለክት ቅጽል እናገኛለን።

ስም ማውጣት ተራ ነገር እንዳይመስላችሁ። ኤድዋርድ ሩፔል የተባለ የፍራንክፈርት ሰው እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ መጀመሪያ ጎንደርንና ሰሜንን ተዘዋውሮ ብዙ እንስሳት ሰብስቧል። እ.ኤ.አ. በ1835 የዋልያንና የጭላዳን ገለጻ ሲያሳትም፣ የአገሩ ሰው የሚጠራቸውን ስሞች ወስዶ በላቲን መጠሪያቸው ውስጥ አስገባቸው። ዛሬም የዓለም ሊቃውንት ሁለቱን እንስሳት የሚጠሩት ከእኛ ደገኞች አንደበት በተገኙት በእነዚህ ቃላት ነው። ሩፔል ዋልያን «ዋልያ» ለማለት የቻለው የሚጠይቀው ሰውና የሚሰማው ስም ስለነበረ ነው። ለነፍሳቱ ግን እንዲህ ያለ የተለየ ስም አልነበረም። ሂዩ ስኮት የተባለው እንግሊዛዊ የነፍሳት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1952 እና በ1953 በሰሜን ተራሮች ነፍሳትን በሰበሰበ ጊዜም ሁኔታው ያው ነበር። ለአንድ ነገር ስም ለማውጣት አስቀድሞ ከሌላው ለይቶ ማየት ያስፈልጋል፤ ለይቶ ማየት የሚቻለው ደግሞ በጥንቃቄ በመግለጽ ነው።

ለ. ስለ አሰባሰቡ

ኮሶዬ ከጎንደር ከተማ በስተሰሜን፣ ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በወገራ ደጋ ላይ ትገኛለች። ከፍታዋ ከ2,500 ሜትር በላይ ነው። ጭላዶች ከሚግጡበት የገደል አፋፍ ላይ ቆሞ ወደ ታች የሚመለከት ሰው ቆላውን በአንድ እይታ ያያል። ለዚህ ትምህርት የተመረጠችበት ምክንያትም ይኸው ነው፤ ደጋና ቆላ በአንድ ገደል ብቻ በሚለያዩበት ስፍራ፣ የት እንደተገኘ ያልተጻፈበት ነፍሳ ከየትኛው አየር እንደመጣ ሊታወቅ አይችልም።

አሰባሰቡ ብዙ ወጪ አይጠይቅም። ጨረቃ በሌለችበት፣ ነፋስም ባልበረታበት ምሽት ነጭ አቡጀዲ በሁለት እንጨቶች መካከል ይወጠራል፤ ከፊቱም ፋኖስ ይሰቀላል። ነፍሳቱ ወደ ብርሃኑ መጥተው በጨርቁ ላይ ያርፋሉ። በእጅ አትያዙዋቸው፤ የክንፋቸው ቀለም ያለው ብናኝ በሚመስሉ ጥቃቅን ቅርፊቶች ላይ ስለሆነ ጣት የነካው ክንፍ መልኩን ያጣል። ሰፊ አፍ ባለው ብርጭቆ ከድኖ፣ በወረቀት ከሥሩ ዘግቶ መመልከት ይበቃል። መልኩን ጽፋችሁና ሥላችሁ ከጨረሳችሁ በኋላ ልቀቁት፤ ለዚህ ትምህርት መግደል አያስፈልግም። የነብርማ የእሳት እራት ልጅ ጠጉራም አባ ጨጓሬ ነው፤ የአንዳንዱ አባ ጨጓሬ ጠጉር ቆዳን ስለሚያሳክክ በባዶ እጅ አይነካም።

ከሁሉ የሚበልጠው ነገር ግን መግለጫው ወረቀት ነው። ያማረ ነፍሳ ያለ መግለጫ ወረቀት ጌጥ እንጂ ማስረጃ አይደለም። በወረቀቱ ላይ የቦታው ስም፣ ከፍታው፣ ቀኑ፣ ሰዓቱና የሰብሳቢው ስም ይጻፋል። በዚህ ላይ የእኛ አገር ጸሐፊ ከሌላው ይልቅ ሊጠነቀቅ ይገባዋል። «ጊዮርጊስ» ብሎ መጻፍ ቦታን አያመለክትም፤ በዚህ ስም የሚጠሩ ብዙ ቦታዎች አሉና። እንደዚሁም «2 ሰዓት» የሚለው አቈጣጠር በእኛ ከምሽቱ ሲሆን በፈረንጆች ከእኩለ ሌሊት በኋላ ሊሆን ይችላል። የዓመተ ምሕረቱ ልዩነት ደግሞ እንደ ወሩ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ነው። ስለዚህ «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» የሚለው ምልክት ከቀኑ አጠገብ ካልተጻፈ፣ ከብዙ ዘመን በኋላ ወረቀቱን የሚያነበው ሰው በስምንት ዓመት ይሳሳታል።

ሐ. ሁለት ገለጻዎች

ሁለት ተማሪዎች በአንድ ምሽት አንድን የእሳት እራት ተመልክተው ጻፉ እንበል። የመጀመሪያው እንዲህ አለ፦

«ከጨለማው ውስጥ እንደ ሰማይ ኮከብ የምታበራ፣ ውበቷ ልብን የሚሰርቅ፣ የተፈጥሮ እጅ ያስጌጣት አንዲት ፍጥረት ብቅ አለች። ክንፎቿ እንደ ንግሥት ካባ ያሸበረቁ ነበሩ። ቃላት ሊገልጹዋት አይችሉም።»

ሁለተኛው ደግሞ እንዲህ ሲል ጻፈ፦

«ክንፎቹ ሲዘረጉ ከጫፍ እስከ ጫፍ 3 ሴንቲ ሜትር ከግማሽ ያህል ነው። የፊት ክንፎቹ እንደ ወተት ሰልባቦት ነጣ ያሉ ሲሆኑ፣ ጥቃቅን ጥቋቁር ነጥቦችና ከእነርሱ ሰፋ ያሉ ቀያይ ነጠብጣቦች አሉባቸው። የኋላ ክንፎቹ ነጭ ናቸው፤ ጠርዛቸው ግን ወጣ ገባ በሆነ ጥቁር ቀለም ተከፍፏል። ሲያርፍ የፊት ክንፎቹ ሆዱን ስለሚሸፍኑት የኋላዎቹ አይታዩም። አንቴናው እንደ ክር ቀጭን ነው።»

የመጀመሪያው ጽሑፍ ስለ ቢራቢሮ፣ ስለ ወፍ ወይም ስለ ሙሽራ ቢነገርም ያው ነው፤ አንዲት ቃል መለወጥ አያስፈልገውም። «ቃላት ሊገልጹዋት አይችሉም» የሚለው ዓረፍተ ነገር ደግሞ ከስዕላዊ ድርሰት ውስጥ ጨርሶ ሊወጣ የሚገባው ነው፤ የጸሐፊው ሥራ መግለጽ ነውና። የሁለተኛውን ጽሑፍ ያነበበ አዋቂ ግን ወዲያው ወደ ዝርያው ይቀርባል። በላቲን ኡቴቴይዛ ፑልኬላ የሚባለው፣ ሊኔየስ እ.ኤ.አ. በ1758 ስም ያወጣለት፣ በአፍሪካ፣ በደቡብ አውሮፓና በእስያ ክፍሎች የሚገኝ ነብርማ የእሳት እራት እንዲህ ያለ መልክ አለው። ይቀርባል አልን እንጂ ይደርሳል አላልንም። ይህ ነፍሳ እርሱን በጣም የሚመስል ዘመድ ስላለው፣ የመጨረሻው ፍርድ የአካል ክፍሎቹን በማጉያ መነጽር የሚመረምር ሰው ነው። ደግሞም አንድ ነፍሳ ስለ ወገኑ ሁሉ አይመሰክርም። በአውሮፓ፣ በእስያና በሰሜን አሜሪካ የሚኖረው አርክቲያ ካያ የተባለው ነብርማ የክንፉ ጌጥ እጅግ የሚለዋወጥ ስለሆነ፣ ሁለት ፍጹም ተመሳሳዮችን ማግኘት ያስቸግራል። ስለዚህ ከኮሶዬ አንድ፣ ከጎርጎራ አንድ አምጥቶ «የደጋውና የቆላው ልዩነት ይህ ነው» ማለት ችኩልነት ነው፤ ጎርጎራም ራሷ በጣና ዳር ያለች ወይና ደጋ እንጂ ቆላ አይደለችም።

መ. የቀለም ቅጽሎች

ቋንቋችን ለቀለም ድሀ ነው የሚሉ አሉ። አባባሉ የከብት ገበያ ገብተው ከማያውቁ ሰዎች የመጣ ሳይሆን አይቀርም። ገበሬው በሬውን ቡሬ፣ ዳልቻ፣ ቦራ ሲል፣ ፈረሱንም ዳማ ወይም አምባላይ ሲል፣ ቀለሙን ብቻ ሳይሆን ቀለሙ በአካሉ ላይ ያረፈበትን ሁኔታ ጭምር ይናገራል። ቦራ ማለት ግንባሩ ላይ ነጭ ምልክት ያለው ነው፤ ይህ በሌላ ቋንቋ ምናልባት አንድ ሙሉ ሐረግ ይጠይቃል።

ቀለምን ለማላላትና ለመደራረብ የሚያስችሉን መንገዶችም አሉን። «ቀይ» ብለን ከጀመርን «ቀላ ያለ» ስንል ቅላቱ ይቀንሳል። በ«ቢጫ» ላይ «-ማ» ሲጨመር «ቢጫማ» ይሆናል፤ ይህም ወደ ቢጫ የሚያደላ ማለት ነው። ፊደልን በመድገም የሚገኙት «ጥቋቁር»፣ «ቀያይ»፣ «ነጫጭ» የሚሉት ብዛትን ያመለክታሉ፤ «ነጠብጣብ»ና «ዝንጉርጉር» ደግሞ በድምፃቸው ጭምር የቀለሙን መበታተን ያሰማሉ። በሁለተኛው ተማሪ ጽሑፍ ውስጥ «እንደ ወተት ሰልባቦት» የሚለውን ንጽጽርም ተመልከቱ። በመጀመሪያው ጽሑፍ ካለው «እንደ ንግሥት ካባ» ከሚለው የሚለየው፣ አንባቢው ሰልባቦትን በቤቱ ያየ መሆኑ ነው። ንጽጽር የሚጠቅመው ካልታወቀው ወደ ታወቀው ሲወስድ ነው።

ሠ. ያዩትንና ያሰቡትን መለየት

አንድ ነገር ቀረ። ተማሪው «ቀይ ነጠብጣብ አለው» ቢል ያየውን ተናገረ። «ቀይ የሆነው ጠላቱን ለማስፈራራት ነው» ቢል ግን ያሰበውን ወይም የሰማውን ተናገረ። ሁለቱ በአንድ የግስ ቅርጽ ሊጻፉ አይገባም። ለመጀመሪያው «ነው»፣ «አለው»፣ «ይታያል» እንላለን፤ ለሁለተኛው ደግሞ «ይመስላል»፣ «ሳይሆን አይቀርም»፣ «ይባላል» ወይም «ተመራማሪዎች እንዳረጋገጡት» የሚሉ ማሰሪያዎችና መንደርደሪያዎች አሉ።

በዚህ ረገድ ተመራማሪዎች በእርግጥ ያረጋገጡት አስደናቂ ነገር አለ። የኡቴቴይዛ ወገን አባ ጨጓሬዎች ክሮታላሪያ የተባለውን የባቄላ ዘመድ ተክል ይመገባሉ። በተክሉ ውስጥ ያለውን መርዝ በአካላቸው ያከማቹታል፤ ክንፍ ሲያወጡም መርዙ አብሯቸው ይኖራል። ቶማስ አይዝነር የተባለው ሊቅ በአሜሪካ የሚገኘውን የዚህን ወገን ዝርያ ሲያጠና፣ ሸረሪት በድሯ የያዘችውን ነፍሳ ቀምሳ፣ ድሩን በጣጥሳ እንደምትለቀው ተመልክቷል። በአፍሪካ የሚገኙት የአሜሪላ ወገኖች ደግሞ ሲነኩ ከደረታቸው አረፋ ያወጣሉ። ሌሊት ወፍ በጨለማ ቀለም አያይም፤ በሰው ጆሮ የማይሰማ ድምፅ እያሰማ በገደል ማሚቶው ያድናል። ብዙዎቹ ነብርማዎች ያንን የሚሰማ ጆሮ በደረታቸው ላይ አላቸው፤ ራሳቸውም የሚንጣጣ ድምፅ ያሰማሉ። በርቶልዲያ ትሪጎና የተባለው የአሪዞና ዝርያ በዚህ ድምፁ የሌሊት ወፉን ማሚቶ እያወከ አደኑን እንደሚያከሽፍበት እ.ኤ.አ. በ2009 በታተመ ጥናት ተረጋግጧል። ይህ ሁሉ በሙከራ የተገኘ ነው። ስለዚህ «አረፋ አወጣ» ብላችሁ መጻፍ የምትችሉት አረፋውን ካያችሁ ብቻ ነው፤ መጽሐፍ ውስጥ አንብባችሁ ከሆነ ያነበባችሁ መሆኑን ጻፉ።

መልመጃ

1. የመጀመሪያውን ተማሪ ጽሑፍ እንደገና አንብቡ። ከውስጡ በዐይን የታየውን ነገር የሚናገር አንድ ቃል ካለ አውጥታችሁ ጻፉ፤ ከሌለም ምክንያቱን በሁለት ዓረፍተ ነገር አስረዱ።

2. ከሚከተሉት ስሞች በ«-ማ» ቅጥያ ቅጽል መሥርታችሁ፣ እያንዳንዱን የነፍሳን መልክ በሚገልጽ ዓረፍተ ነገር ውስጥ አስገቡ፦ ወርቅ፣ አመድ፣ ጭቃ። ለነፍሳ መልክ የማይስማማ ካገኛችሁ ለምን እንደማይስማማ ግለጹ።

3. በአካባቢያችሁ የከብትንና የፈረስን ቀለም የሚለዩ ቃላትን ከአባቶችና ከእናቶች ጠይቃችሁ ሰብስቡ። ከየቃሉ አጠገብ ትርጉሙን፣ የነገራችሁ ሰው የየት ቀበሌ ተወላጅ እንደሆነና የጠየቃችሁበትን ቀን ጻፉ።

4. ሁለት ሁለት ሆናችሁ በአንድ ምሽት፣ በአንድ መብራት ሥር የመጣ አንድ የእሳት እራት ምረጡ። አንዱ የሌላውን ሳያይ አንድ አንቀጽ ይጻፍ፤ በማግሥቱ ሁለቱ ጽሑፎች ነፍሳውን ላላየ ሦስተኛ ተማሪ ይሰጡትና ከሁለቱ እያነበበ ይሣል። ሥዕሉ የተሳሳተበትን ቦታ እየፈለጋችሁ፣ ለስሕተቱ ምክንያት የሆነውን ቃል በጽሑፋችሁ ውስጥ አስምሩበት።