የማይሰረቅ ሀብት

የአገር ሀብት ወርቅና ከብት ብቻ አይደለም። የሰው ዕውቀትና ሙያ ከዚህ ይበልጣል። ይህም ሀብት በየነገዱ ልጆች ውስጥ ይገኛል። ክፉ ልማድ ይቀብረዋል፤ መልካም ልማድ ግን ያወጣዋል።

አስቴር ጋኖ የኦሮሞ ልጅ ነበረች። ነጻ ሆና ብትወለድም፥ በዚያን ዘመን ሰው እንደ ከብት ይሸጥ ነበርና ባሪያ ሆነች። እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1886 ዓ.ም. ወደ ዐረብ አገር ሊሸጡዋት በባሕር ሲወስዱዋት፥ የኢጣልያ መርከቦች ጀልባውን ያዙና ነጻ አወጡዋት።

ከዚያም በምጽዋ አጠገብ በእምኩሉ ወደ ነበረው የስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ገባች። ከቤትዋ ያመጣችው ገንዘብ አልነበረም፤ ቋንቋዋን ግን ማንም ሊወስድባት አልቻለም። በዚያም ኦነሲሞስ ነሲብ መጻሕፍትን ወደ ኦሮምኛ ይመልስ ነበር። እርሱም በልጅነቱ ተሽጦ ኋላ ነጻ የወጣ ሰው ነው። የአስቴርን ማስተዋል ባየ ጊዜ የኦሮምኛ ቃላትን መዝገብ እንድታዘጋጅ ሥራ ሰጣት።

አስቴርም በአፍ ብቻ ይነገሩ የነበሩትን እንቆቅልሽና ተረት፥ ምሳሌና ዘፈን 500 ያህል ጻፈች። ከእነርሱም ብዙዎቹ በ1894 ለጀማሪዎች በታተመው የንባብ መጽሐፍ ገቡ። በ1899 መጽሐፍ ቅዱስ በኦሮምኛ ሲታተም የእርስዋም ድካም ነበረበት። በ1904 ከኦነሲሞስ ጋር ወደ ወለጋ ሄደች፤ በነቀምትም አስተማሪ ሆነች። የአያቶች ተረት በመጽሐፍ ተጽፎ ወደ ልጆች ተመለሰ።

ብዙ ቋንቋ በሚነገርበት አገር፥ አንዱ ልጅ በሌላው አነጋገር ቢስቅ የተሳቀበት ልጅ ዝም ይላል። ዝም ያለውም ልጅ የሚያውቀው ነገር ከእርሱ ጋር ተቀብሮ ይቀራል፤ ሁሉም ይጐድልባቸዋል። ስለዚህ ከአጠገብህ የተቀመጠው ልጅ በሌላ ቋንቋ ቢናገር አትሳቅበት፤ የአገሩን ተረት ጠይቀው።

አስቴርን ሊሸጡዋት የወሰዱዋት ሰዎች ዋጋዋን በገንዘብ ቈጠሩ። በልብዋ ያለውን ግን አላወቁም ነበር።

ጥያቄ።
፩። አስቴር ነጻ የወጣችው እንዴት ነው?
፪። የጻፈችው ምን ምን ነበር?
፫። በጓደኛው ቋንቋ የሚስቅ ልጅ ምን ያጠፋል?