ሁለተኛው ሲጠበቅ የመጀመሪያው ልጅ ለምን ይረብሻል?



ከሰላት በኋላ ከወጣት አባቶች ጋር ስናወራ ደጋግሞ የሚነሳ ጉዳይ አለ። ሚስት ነፍሰ ጡር ናት፤ ሁለት ዓመት ያለፈው ልጅ ደግሞ ድንገት ተቀይሯል። ይነክሳል፣ ይማታል፣ የተወውን ጡጦ ይጠይቃል። እኔም ቤት እንዲሁ ነው። ልጄ ሁለት ዓመት ከሰባት ወሩ ነው፤ ባለቤቴ ሰባተኛ ወሯን ይዛለች፣ አልሐምዱሊላህ። ሙያዬ ምህንድስና እንጂ ሕክምና አይደለም፤ የምጽፈው ቤታችን የሞከርነውን ነው።

መጀመሪያ "ልጁ ባለገ" የሚለውን እንተወው። በዚህ ዕድሜ ስሜትን የሚገታው የአእምሮ ክፍል ገና በጅምር ላይ ነው። ልጁ የሚናገረውም ጥቂት ቃላት እየቀጠለ ስለሆነ "እናቴ ድሮ ትሸከመኝ ነበር፣ አሁን ለምን እምቢ አለች?" ማለት አይችልም። ስለዚህ ሆዷን ይመታል።

እንደ ሥራ ልማዴ ችግሩ መቼ እንደሚነሳ መጻፍ ጀመርኩ። በአሥር ቀን ውስጥ አብዛኛው ጩኸት የተነሳው ከሰዓት በኋላ በ5 እና በ6 ሰዓት መካከል ነው (በሀገር ቤት አቆጣጠር 11 እና 12)። ልጁ ከዴይኬር ተመልሶ ርቦታል፣ እናቱ ደክሟታል፣ እራት አልደረሰም። አሁን እንደገባ ሙዝ ይበላል፣ ከዚያ በረዶም ቢሆን ከእኔ ጋር ሃያ ደቂቃ ውጭ ይጫወታል። ጩኸቱ ጠፋ አልልም፤ ቀንሷል።

ሲማታ ረጅም ምክር አይሠራም። እጁን ቀስ ብዬ ይዤ፣ ቁመቱ ድረስ ዝቅ ብዬ "መምታት የለም፣ እማን ያማታል፤ እንዲህ ዳብሳት" እለዋለሁ። "አትምታ" ብቻ ከተባለ በእጁ ምን እንደሚያደርግ አያውቅም። መልሶ መምታትማ ትምህርቱን ራሱ ያፈርሰዋል። ማንንም የማይጎዳ ለቅሶ ከሆነ ግን እስኪበርድለት አጠገቡ ቁጭ እላለሁ።

"ሆዴ ውስጥ ሕፃን ስላለ አልሸከምህም" የሚለውን ከቤታችን አስወጥተናል። እምቢታው ሁሉ በሕፃኑ ስም ከተነገረ ያልተወለደው ልጅ ከወዲሁ ጠላት ይሆናል። "ወገቤን አሞኛል፣ ና አጠገቤ ሆነህ ልቀፍህ" ማለት እውነትም ነው፣ ማንንም አይከስም። "አንተማ ተሻርክ!" ብለው የሚቀልዱ እንግዶችም አሉ። በፍቅር እንደሚሉት አውቃለሁ፤ ልጁ ግን ቀልድ መሆኑን አያውቅም። "እትዬ፣ ታላቅ ወንድም ሊሆን ነው በሉልኝ" እላቸዋለሁ፤ እስካሁን ማንም አልተቀየመኝም።

ዳይፐር ማስተው፣ አልጋ መቀየር፣ አዲስ ዴይኬር ማስገባት የመሰሉ ትልልቅ ለውጦች ወይ ከወሊዱ ብዙ ቀደም ብለው ይለቁ፣ ወይ ከወሊዱ በኋላ ጥቂት ወራት ይቆዩ። እኛ አልጋውን በአምስተኛው ወር ቀየርን፤ ዳይፐሩን አቆየነው። ዳይፐር የተወ ልጅ እንኳ ሕፃኑ ሲመጣ መልሶ ልብሱ ላይ ሊሸና ይችላል፤ መቆጣት ያብሰዋል። ደግሞም "በሚያዝያ ይወለዳል" ለእርሱ ትርጉም የለውም። "በረዶው ሲቀልጥ" እንለዋለን።

በሀገር ቤት እናት አራስ ስትሆን ትልቁን ልጅ አያቱ ያዝላሉ፣ ጎረቤት ያበላዋል። እዚህ አያት ያሉት በስልክ ነው፤ ስለዚህ ክፍተቱን የሚሞላው አባት ነው። ማጠቡንና ማስተኛቱን ከአሁኑ ተረክቤያለሁ፤ እናቱ ሆስፒታል በምታድርበት ሌሊት አዲስ ነገር እንዳይሆንበት። ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) የልጃቸውን የዘይነብን ልጅ ኡማማን ተሸክመው መስገዳቸውን፣ ሱጁድ ሲወርዱ አስቀምጠው ሲነሱ መልሰው ማንሳታቸውን ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበዋል። ልጅ መያዝ የሴት ሥራ ብቻ ነው ለሚል ወንድም ይህን ማስታወስ ይበቃል።

ያላገባችሁ ወንድሞችና እህቶችም አላችሁበት። በሰባተኛው ቀን ለዐቂቃ ወደ እህታችሁ ወይም ወደ ወዳጃችሁ ቤት ስትሄዱ፣ ሕፃኑን ከማየታችሁ በፊት ትልቁን ልጅ በስሙ ጠርታችሁ ሰላም በሉት። ሁሉም ሰው ስጦታ ይዞ አልፎት ሲሄድ የሚያይ እርሱ ነው። ከቻላችሁ አንድ ሁለት ሰዓት መናፈሻ ውሰዱት። የእኛ ኢንሻአላህ በሚያዝያ ነው፤ ኳስ የሚያጫውትልኝ ወጣት ከአሁኑ እየፈለግኩ ነው።