ውኃ የማያስገባ የኪስ ቪዲዮ ካሜራ አመራረጥ

በሐምሌና በነሐሴ የእንጦጦ ተራራ በጉምና በዝናብ ተሸፍኖ ይውላል። ቁመቱ ከባሕር ወለል ከ3,000 ሜትር በላይ ስለ ሆነ ማለዳው ብርቱ ብርድ አለው። በጋ ሲገባ ደግሞ በየካ ክፍለ ከተማ፣ ከመገናኛ እስከ ኮተቤ ባሉት ሠፈሮች፣ አስፋልት ያልለበሱት መንገዶች አቧራቸው ይነሣል። በዚህ ሥፍራ በየዕለቱ የሚያገለግል የኪስ ቪዲዮ ካሜራ ዝናብን፣ አቧራን፣ ብርድንና መውደቅን የሚችል መሆን አለበት። ነገር ግን በካርቶኑ ላይ «ውኃ አያስገባም» የሚል ቃል ስለ ታተመበት ብቻ ዕቃውን የሚያስመጣ ነጋዴ ገንዘቡንም መልካም ስሙንም ለአደጋ ያጋልጣል።

አስመጪው በመጀመሪያ ሊመለከተው የሚገባው ቃሉን ሳይሆን ቁጥሩን ነው። ዓለም አቀፉ የኤሌክትሮ ቴክኒክ ኮሚሽን በደንብ ቁጥር 60529 ያወጣው ምልክት «አይ ፒ» ከሚሉት ፊደላት ቀጥሎ ሁለት አኃዝ አለው። ፊተኛው አኃዝ ስለ አቧራ ሲናገር ኋለኛው ስለ ውኃ ይናገራል። «አይ ፒ 67» ማለት አቧራ ፈጽሞ የማያስገባ፣ በ1 ሜትር ጥልቀት ለ30 ደቂቃ ቢጠልቅም የማይበላሽ ማለት ነው። በፊተኛው አኃዝ ፋንታ «ኤክስ» የተጻፈ እንደ ሆነ ግን ምልክቱ ስለ አቧራ ምንም ዋስትና አይሰጥም። ኋለኛው አኃዝ 8 ሲሆን ጥልቀቱንና ጊዜውን የሚወስነው አምራቹ ስለ ሆነ ነጋዴው ይህን በጽሑፍ መጠየቅ ይገባዋል። ደግሞም በውኃ ውስጥ መጥለቅን የቻለ ዕቃ ሁሉ በኃይል የሚረጭ ውኃን ይችላል ማለት አይደለም።

ሁለተኛው የባትሪውና የካርዱ ክዳን ነው። በክዳኑ ጎማ ላይ አንዲት ፀጉር ወይም ጥቂት አሸዋ ብትቀር ውኃ ይገባል። ስለዚህ ባለሱቁ ለደንበኛው አጠራረጉንና አዘጋጉን በእጁ ሊያሳየው ያስፈልጋል። ከእንጦጦ ብርድ ወደ ሞቀ ቤት የገባ ካሜራም መስተዋቱ በጤዛ ስለሚሸፈን፣ የቤቱን ሙቀት እስኪለምድ ድረስ ክዳኑን አለመክፈት ይበጃል። ብርድ የባትሪን ጉልበት ስለሚቀንስ ትርፍ ባትሪ አብሮ መሸጥ ለገዢውም ለሻጩም ይጠቅማል።

ሦስተኛው ብዙዎች የሚዘነጉት ነገር ነው። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ በሴኮንድ 50 ዙር አለው። በሴኮንድ 30 ወይም 60 ሥዕል ብቻ የሚያነሣ ካሜራ በመብራት ሥር ሲቀርጽ ሥዕሉ ሊርገበገብ ይችላል። ስለዚህ በሴኮንድ 25 ወይም 50 ሥዕል ለማንሣት የሚስተካከለውን መምረጥ ተገቢ ነው።

አራተኛው የመለዋወጫ ጉዳይ ነው። ኮዳክ እ.ኤ.አ. በ2010 እስከ 3 ሜትር የሚጠልቅ «ፕሌይስፖርት» የተባለ የኪስ ካሜራ አውጥቶ ነበር፤ ሆኖም በ2012 ኩባንያው የኪስ ቪዲዮ ካሜራ ሥራውን እንደሚያቆም አስታወቀ። «ፍሊፕ» የተባለውን ካሜራ የያዘው ሲስኮም በ2011 ሥራውን ዘጋ። ሁለቱንም ወደ ጎን የገፋቸው የእጅ ስልክ ነበር። በሌላ በኩል ጎፕሮ በ2016 ያወጣው «ሂሮ 5 ብላክ» ያለ ተጨማሪ ማቀፊያ እስከ 10 ሜትር ይጠልቅ ነበር። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ስልክ የማይችለውን ሥራ የሚሠራውን ዕቃ መምረጥ፣ ባትሪውና ጎማው ለብቻ የሚገኝ መሆኑን ማረጋገጥ፣ በመጀመሪያውም ጥቂት ማዘዝ ነው።

በመጨረሻም የዋስትናው ወረቀት ይነበብ። አምራቹ ውኃ ያበላሸውን ዕቃ የማይተካ ከሆነ ኪሣራው በሻጩ ላይ ይወድቃል። የሾላ ገበያ ባለሱቅ ዕቃውን ከመረከቡ በፊት አንዱን ካሜራ በባልዲ ውኃ ውስጥ ለ30 ደቂቃ ቢፈትነው ከደንበኛ ጋር ከሚያደርገው ክርክር ይድናል። «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» የተባለው ለነጋዴም ይሠራል።