ለአባት አስተባባሪ ሲመረጥ

ፖርት ቤል ከካምፓላ መሐል ከተማ በስተደቡብ ምሥራቅ ዐሥር ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በቪክቶሪያ ሐይቅ ዳርቻ የምትገኝ አነስተኛ ወደብ ናት። ስሟን ያገኘችው እ.ኤ.አ. በ1906 ዩጋንዳን ለማስተዳደር ከመጣው እንግሊዛዊ ሹም ከሄስኬዝ ቤል ነው። የባቡር ፉርጎ የጫኑ መርከቦች ከዚህች ወደብ ወደ ታንዛኒያዋ ምዋንዛ ለረጅም ዘመን ሲመላለሱ ኖረዋል።

በዚህች ወደብ ጭነት ሲያወርዱ ኖረው ያረጁ አንድ አባት ቢኖሩ፣ ባለቤታቸው ቢሞቱ፣ ልጆቻቸውም ከፊሉ ለንደን ከፊሉ ምዋንዛ ቢሆኑ፣ ማን ይጦራቸዋል? ደጋፊ ያጡ አረጋውያንን ለመርዳት ካርዲናል አማኑኤል ንሱቡጋ እ.ኤ.አ. በ1978 በካምፓላ ናሉኮሎንጎ መጠጊያ ቤት አቋቁመዋል። እኚህ አባት ግን ቤትም ልጅም አላቸው። ጎረቤት ውሃ ትቀዳላቸዋለች፤ የቦዳ ቦዳ ነጂ ሙላጎ ሆስፒታል ያደርሳቸዋል፤ ልጅ ገንዘብ ይልካል። የጎደለው፣ ቀጠሯቸውን የሚያስታውስ፣ ሁለት ሐኪሞች ያዘዙት መድኃኒት እንዳይጋጭ የሚጠይቅ፣ ለልጆቹም ያየውን ሳይቀባባ የሚነግር አንድ ሰው ነው።

ይህን ሥራ የሚሠራው ባለሙያ የእንክብካቤ አስተባባሪ ይባላል። በአሜሪካ የሙያው ሰዎች ማኅበር የመሠረቱት እ.ኤ.አ. በ1985 ሲሆን፣ ብዙዎቹ ነርሶችና የማኅበራዊ አገልግሎት ሠራተኞች ናቸው። አስተባባሪው አጣቢና አጉራሽ አይደለም፤ አጣቢውን ፈልጎ ያመጣል፣ ሥራውንም ይቈጣጠራል።

የምርጫው ችግር ከፋዩ ልጅ፣ ተገልጋዩ ግን አባት መሆናቸው ነው። ለንደን ያለው ልጅ በእንግሊዝኛ ያማረ ሪፖርት የሚጽፈውን ሰው ሊመርጥ ይችላል። አባትዮው ግን ሕመማቸውን የሚናገሩት በሉጋንዳ ነው፤ ጕልበት መክዳቱን ለማያውቁት ሰው መናገርም ያሳፍራቸዋል። ስለዚህ ዕጩው ቤታቸው መጥቶ በፊታቸው ይጠየቅ። ከእርሳቸው ጋር ይነጋገራል ወይስ እርሳቸውን አልፎ ከዘመድ ጋር ብቻ? ይህ ከምስክር ወረቀቱ ይበልጥ ይናገራል።

ወረቀቱም ቢሆን አይናቅም። ዕጩው ነርስ ከሆነ ፈቃዱ ከዩጋንዳ ነርሶችና አዋላጆች ምክር ቤት ይጣራል። ስንት አረጋውያን በእጁ እንዳሉ፣ እርሱ ሲታመም ማን እንደሚተካው፣ ከሚያመጣቸው ሠራተኞች ወይም ከመድኃኒት ቤት ኮሚሽን ይቀበል እንደሆነ መጠየቅ ነውር አይደለም። በተለይ ገንዘቡ በአንድ እጅ እንዳይቀር፣ ደረሰኙን የምትመረምር ዘመድ ወይም የታመነች ጎረቤት ትመደባለች። የመጀመሪያው ወር የሙከራ ይሆናል። ልጁም ስልክ ሲደውል አስተባባሪው ከክፍሉ እንዲወጣ አድርጎ አባቱን ለብቻቸው ያነጋግራል። «አልተመቸኝም» ካሉ ውሉ የሚፈርስ መሆኑ አስቀድሞ በጽሑፍ ይሰፍራል።

ጥያቄዎች
፩. አባትዮው ረዳቶች እያሏቸው አስተባባሪ ያስፈለጋቸው ለምንድን ነው?
፪. ልጁ አባቱን ለብቻቸው ማነጋገሩ የሚያስገኘውን ጥቅም በአንድ አንቀጽ ጻፉ።