ጭሱ ምን ይናገራል? ያገለገለ የናፍታ ሞተር ከመግዛታችን በፊት

ሀቢቾን በመሳሰሉ የሀዲያ አካባቢዎች፣ የኤሌክትሪክ ኃይል ባልደረሰበት ወይም በሚቆራረጥበት ሥፍራ፣ እህል የሚፈጨው ብዙውን ጊዜ በናፍታ ሞተር ነው። ወፍጮው ከቆመ እናቶች ስንዴውንና በቆሎውን ተሸክመው ወደ ሌላ መንደር ይጓዛሉ። አዲስ ሞተር የመግዛት አቅም የሌላቸው ወጣቶች በማኅበር ተደራጅተው፣ ወይም አንድ ቤተሰብ ከብቱን ሸጦ፣ ያገለገለ ሞተር ፍለጋ ወደ ሆሳዕና አልያም ወደ አዲስ አበባ ይሄዳል። ያገለገለ አይሱዙ የጭነት መኪና የሚገዛም ሰው ቢሆን የሚገጥመው ጥያቄ ተመሳሳይ ነው። ሞተሩ ከውጭ ታጥቦና ቀለም ተቀብቶ ሊያምር ይችላል፤ የውስጡን ሁኔታ እንዴት ማወቅ ይቻላል? በዚህ ጽሑፍ መልሱን ከማርሚታው ጫፍ በሚወጣው ጭስ ውስጥ እንፈልጋለን።

የናፍታ ሞተር እንዴት ይሠራል?

ጀርመናዊው መሐንዲስ ሩዶልፍ ዲዝል በስሙ የሚጠራውን ሞተር በተሳካ ሁኔታ ያሠራው እ.ኤ.አ. በ1897 ነው። የቤንዚን ሞተር ነዳጁን በካንዴላ ብልጭታ ሲያቀጣጥል፣ የናፍታ ሞተር ግን አየሩን በኃይል በማመቅ ብቻ ያግለዋል። በ20 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ ማለትም በ293 ኬልቪን የገባ አየር ወደ አሥራ ስምንተኛ እጅ መጠኑ ቢታመቅና ሙቀት ወደ ውጭ ባያመልጥ፣ የሙቀት መጠኑ 293 በ18⁰·⁴ ተባዝቶ ወደ 930 ኬልቪን ገደማ ይደርሳል። ይህም ከ650 ዲግሪ ሴልሺየስ ይበልጣል። በተግባር ጥቂቱ ሙቀት ወደ ሲሊንደሩ ግድግዳ ስለሚያልፍ ቁጥሩ ዝቅ ይላል፤ ቢሆንም ተረጭቶ የሚገባውን ናፍታ ለማቀጣጠል ይበቃል።

እንግዲህ ሞተሩ በትክክል እንዲሠራ ሦስት ነገሮች መሟላት አለባቸው፦ በቂ አየር፣ በቂ እመቃ፣ እንዲሁም በተገቢው መጠንና ጊዜ የሚረጭ ነዳጅ። ጭሱ የሚነግረን ከእነዚህ መካከል የጎደለው የትኛው እንደሆነ ነው።

ጥቁር ጭስ

ጥቁር ጭስ በቂ ኦክስጅን አጥቶ በግማሽ የተቃጠለ የነዳጅ ካርቦን፣ ማለትም ጥላሸት ነው። መንስኤው የተዘጋ የአየር ማጣሪያ፣ በደንብ የማይረጭ ኖዝል፣ ነዳጅ አብዝቶ የሚለቅ ፖምፓ ወይም ከአቅም በላይ የሆነ ጭነት ሊሆን ይችላል።

እዚህ ላይ የአገራችንን መልክዐ ምድር ማሰብ ይገባል። ሆሳዕና ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ የአየሩ እፍጋት ከባሕር ጠረፍ ጋር ሲነጻጸር በአንድ አምስተኛ ገደማ ይቀንሳል። በመሆኑም ቱርቦ የሌለውና ፖምፓው ለቆላ የተስተካከለ ሞተር፣ ለአየሩ የማይመጥን ነዳጅ እያገኘ ሙሉ ጭነት ሲያርፍበት ሊያጨስ ይችላል። ስለዚህ ጥቁር ጭስ ሁልጊዜ የሞተሩን ማርጀት አያመለክትም፤ ብዙውን ጊዜ ማጣሪያ በመቀየር፣ ኖዝልና ፖምፓ በማስተካከል የሚወገድ፣ ከሦስቱ ጭሶች በንጽጽር ቀላል የሆነ ችግር ነው።

ሰማያዊ ጭስ

ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ጭስ የሞተር ዘይት እየተቃጠለ መሆኑን ያመለክታል። የፒስተን ፋሻዎች ወይም ሲሊንደሩ ሲበላ ዘይቱ ወደ ማቃጠያው ክፍል ይወጣል። የቫልቭ መሪዎች ሲላሉ ወይም የቱርቦው ማሸጊያ ሲበላሽም ተመሳሳይ ጭስ ይታያል። ንጹሕ ነጭ ጨርቅ ከማርሚታው አጠገብ ጥቂት ጊዜ ይዘን ብንመለከት፣ ደረቅ ጥላሸት የነዳጅን፣ ቅባታማ ነጠብጣብ የዘይትን ችግር ይጠቁመናል። ፋሻና ሲሊንደር ለማደስ ሞተሩ መፈታት ስላለበት ወጪው ከባድ ነው።

ነጭ ጭስ

ነጭ ጭስ ሁለት ዓይነት ስለሆነ በጥንቃቄ መለየት አለበት። አንድ ሊትር ናፍታ ሲቃጠል ወደ አንድ ሊትር የሚጠጋ ውኃ በእንፋሎት መልክ ይፈጠራል። በደጋ ብርድ ማለዳ የሚታየውና ወዲያው የሚጠፋው ስስ ጭጋግ ይኸው እንፋሎት ስለሆነ አያስደነግጥም። ዓይን የሚቆጠቁጥና የናፍታ ሽታ ያለው ነጭ ጭስ ግን ያልተቃጠለ ነዳጅ ነው፤ እመቃው መድከሙን ወይም ነዳጁ ዘግይቶ መረጨቱን ያመለክታል። ሞተሩ ከሞቀ በኋላም የማያቋርጥ ወፍራም እንፋሎት ከታየ፣ የቴስታታው ጓርኒሲዮን ተቃጥሎ ወይም ቴስታታው ተሰንጥቆ ውኃ ወደ ሲሊንደር እየገባ ሊሆን ይችላል። በዚህ ጊዜ ራዲያተሩ ውስጥ አረፋ መኖሩን፣ ዘይቱም ወተት መምሰሉን እንመርምር።

በጣና ወይም በሌሎች ሐይቆቻችን ላይ ለሚሠራ ጀልባ ሞተር ለሚገዛ ሰው አንድ ነገር ይጨመራል። በብዙ የሞተር ጀልባዎች ከሐይቁ የሚሳበው ማቀዝቀዣ ውኃ ከጭሱ ጋር ተቀላቅሎ ይወጣል። የውኃው ፍሰት ሲቀንስና እንፋሎቱ ሲበዛ፣ ከሞተሩ በፊት የውኃ ፖምፓውንና የተዘጉ መስመሮችን መጠርጠር ይገባል።

የምርመራው ቅደም ተከተል

አንደኛ፣ ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ እንድረስ። እጃችንን በሲሊንደሩ ላይ ስናሳርፍ ሞቅ ካለን ሻጩ አስቀድሞ አስነሥቶታል ማለት ነው። የእመቃ ድካምና ነጭ ጭስ በይበልጥ የሚታዩት በቀዝቃዛ ማስነሣት ጊዜ ነውና፣ እስኪበርድ መጠበቅ ወይም በማግስቱ ማለዳ መመለስ ይሻላል።

ሁለተኛ፣ ሞተሩ ከሞቀ በኋላ የዘይት መሙያውን ክዳን በጥንቃቄ እንክፈት። ጭስ በኃይል እየተገፋ ከወጣ፣ የታመቀው ጋዝ በፋሻዎቹ በኩል ወደ ታች እያመለጠ ነው። ሰማያዊ ጭስን ለመሸፈን ከልክ በላይ ወፍራም ዘይት የሚሞሉ ስላሉ የዘይቱንም ውፍረት እንመልከት።

ሦስተኛ፣ ሞተሩን በጭነት እንፈትን። ባዶውን የሚሽከረከር ሞተር ጥቂት ነዳጅ ስለሚበቃው ጉድለቱን ይደብቃል። የወፍጮ ሞተር ከሆነ ቀበቶው ተገጥሞ እህል ይፈጭበት፤ መኪና ከሆነ ተጭኖ ዳገት ይውጣ።

አራተኛ፣ ጥርጣሬ ካለ የእመቃ መለኪያ ያለውን መካኒክ እንጥራ። የመለኪያው ክፍያ ሞተር ለማደስ ከሚወጣው ገንዘብ ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው።

ከኪስ ባሻገር

የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ2012 የናፍታ ሞተር ጭስን በሰው ላይ ካንሰር ከሚያስከትሉ ነገሮች ምድብ አስቀምጦታል። ስለዚህ ጤናማ ሞተርም ቢሆን ጭሱ በቧንቧ ከወፍጮ ቤቱ ውጭ፣ ወረፋ ከሚጠብቁ ሰዎች ርቆ መውጣት አለበት። በወፍጮ ቤት ሕፃን አዝለው ተራ የሚጠብቁ እናቶች ጥቂት አይደሉም።

ውድ አንባብያን፣ በክፍል ውስጥ የተማርነው የጋዞች ሕግ ከጥቁር ሰሌዳው ወርዶ የአንድን ቤተሰብ ጥሪት ሊያድን እንደሚችል ከዚህ እንረዳለን። በሚቀጥለው ጊዜ በመንደራችሁ ሞተር ሊገዛ የተነሣ ሰው ብታገኙ፣ ገንዘቡን ከመቁጠሩ በፊት ማለዳ አብራችሁት ሄዳችሁ ጭሱን እንድትመለከቱለት እናሳስባለን።