ምክንያትንና ውጤትን አያይዞ መጻፍ

ሀ. ማብራሪያ

አንድ ነገር ለምን እንደ ሆነ የሚያስረዳ ድርሰት ስትጽፉ፣ ውጤቱ ከምክንያቱ እንዴት እንደ ተወለደ ለአንባቢው ግልጽ ልታደርጉለት ይገባል። ለዚህም «ስለዚህ»፣ «በመሆኑም»፣ «ምክንያቱም» የመሳሰሉት አያያዥ ቃላት ያገለግላሉ። የሚከተለውን ምንባብ በጥሞና አንብቡና አገልግሎታቸውን አስተውሉ።

ለ. ምንባብ፦ የቴትፎርድ ጉብታ

በምሥራቅ እንግሊዝ፣ በኖርፎክ ግዛት፣ ቴትፎርድ በምትባል ከተማ 20 ሜትር ያህል ከፍታ ያለው የአፈር ጉብታ ይገኛል። ለማያውቀው ሰው ተራ ኮረብታ ይመስለዋል፤ ነገር ግን የሰው እጅ ሥራ ነው። በ1066 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) የኖርማንዲው መስፍን ዊልያም እንግሊዝን ድል አድርጎ ያዘ። አዲሶቹ ገዢዎች ቁጥራቸው ጥቂት ነበር፤ ሕዝቡም በልቡ አልተገዛላቸውም። በመሆኑም በአጭር ጊዜ የሚሠራ ምሽግ አስፈለጋቸው። ዙሪያውን ጥልቅ ቦይ እያስቆፈሩ፣ የወጣውን አፈርና ጠመኔ እያስከመሩ ጉብታውን አበጁ። በእንዲህ ያለ ጉብታ አናት ላይ ብዙውን ጊዜ የእንጨት ማማ ይቆም ነበር። በቴትፎርድ ግን ዛሬ ማማው የለም፤ ምክንያቱም በ1173 ባላባቶች ያመፁበት ንጉሥ ዳግማዊ ሄንሪ ምሽጉን አስፈርሶታል። ጉብታው ብቻ ቀረ።

በአገሬው አፈ ታሪክ ከጉብታው ሥር የብር ደወሎች ተቀብረዋል ይባላል። እውነተኛው ሀብት ግን አፈሩ ራሱ ነው። አፈሩ በተከመረበት ቅደም ተከተል ተነባብሮ ይገኛል፤ በየንብርብሩ መካከል የሚገኝ የሸክላ ስባሪ፣ ዐጥንት ወይም የከሰለ እንጨት ስለ ዘመኑ ይመሰክራል። የፈረሰ ግንብ መልሶ ይገነባ ይሆናል፤ አንድ ጊዜ የተደባለቀ ንብርብር ግን ወደ ነበረበት አይመለስም። ስለዚህ ብሪታንያ በ1882 ጥንታዊ ቅርሶችን የሚጠብቅ ሕግ አወጣች። በ1979 የወጣው ሕግ ደግሞ በተመዘገበ ቅርስ ላይ ያለ ፈቃድ መቆፈርን፣ መገንባትንና በብረት መፈለጊያ መሣሪያ ማሰስን በወንጀል ያስቀጣል። የቴትፎርድም ጉብታ ከተመዘገቡት አንዱ ነው።

ሐ. መልመጃ

1. ገዢዎቹ በአጭር ጊዜ የሚሠራ ምሽግ ያስፈለጋቸው ለምንድን ነው?

2. ሕጉ ምንም ሕንፃ የሌለበትን ጉብታ የሚጠብቀው ስለ ምንድን ነው? በራሳችሁ አነጋገር መልሱ።

3. ምክንያትን ወይም ውጤትን የሚያመለክቱትን ቃላት ከምንባቡ አውጡና በእያንዳንዳቸው አንዳንድ ዓረፍተ ነገር መሥርቱ።

4. በአካባቢያችሁ የሚገኝ አንድ አሮጌ ካብ፣ ቅጥር ወይም ፍርስራሽ ምረጡ። ቢጠፋ ምን አብሮት እንደሚጠፋ ምክንያትንና ውጤትን እያያያዛችሁ አንድ አንቀጽ ጻፉ።